«መኪና አልፈልግም» ያለው ማን ነው? የአሜሪካ ወጣቶችና የመንጃ ፈቃዳቸው ጉዳይ

በሁለት ቁጥሮች ልጀምር። በፈረንጆቹ 1983 አሜሪካ ውስጥ ከ16 ዓመት ልጆች 46.2 በመቶው መንጃ ፈቃድ ነበራቸው። በ2014 ይኸው ቁጥር 24.5 በመቶ ሆነ። ከሁለት ልጅ አንዱ ሊይዝ ምንም ያህል ካልቀረው፣ ከአራት አንዱም ወደማይሞላበት ወረደ ማለት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ እያንዳንዱ ላይ አልደግመውም።)

አሜሪካ ለመኪና ተብላ የተሠራች አገር ነች። ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ሁሉም ተራርቆ ነው የተቀመጠው፣ ብዙ ቦታ ላይ የእግረኛ መንገድ እንኳ የለም። እዚያ 16 ዓመት መሙላት ማለት መንጃ ፈቃድ ማውጣት ማለት ነበር። ልጁ ቁልፍ ሲቀበል ከልጅነት ወጣ ይባላል። ታዲያ ያ ሁሉ ልጅ ቁልፉን ምነው ተወው?

ይህን ጉዳይ ለማጥናት የፈለግሁት መልሱ እጅግ ፈጥኖ ስለተሰጠ ነው። «የዛሬ ወጣት መኪና አይወድም፣ ስልኩ ብቻ ይበቃዋል» ተባለ። ጋዜጣውም፣ ኩባንያውም፣ አማካሪውም ይህንኑ ደጋገመው። እኔ ግን ወጣቶቹ ራሳቸው ተጠይቀው የሰጡትን መልስ ሳነብ ሌላ ነገር ነው ያገኘሁት።

ቁጥሮቹን ያሰባሰቡት ማይክል ሲቫክና ብራንደን ሾትል ናቸው። ሁለቱም የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የትራንስፖርት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ነበሩ። የመንግሥትን የመንጃ ፈቃድ መዝገብ ከሕዝቡ ቁጥር ጋር እያነጻጸሩ በየዕድሜው አስቀመጡት። በ19 ዓመት ላይ ያሉት ከ87.3 በመቶ ወደ 69 በመቶ ወርደዋል። ከ20 እስከ 24 ዓመት ያሉት ደግሞ ከ91.8 ወደ 76.7። የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። 16 ዓመት ላይ ያለ ልጅ እናቱ ታደርሰዋለች እንበል። 22 ዓመት ሞልቶት ሥራ የሚፈልገውን ማን ያደርሰዋል? በ2014 ከእነዚህ ከአምስት አንዱ በላይ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም።

በዚያው ዘመን ዕድሜያቸው ከ70 በላይ በሆኑት ላይ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። መንጃ ፈቃድ ያላቸው አዛውንቶች ድርሻ ከ1983 ጀምሮ ብዙ ጨምሯል። ልጁ ከመሪው ኋላ ሲጠፋ አያቱ ቦታውን አለቀቀም።

ኩባንያዎቹ የሰሙት

በ2012 ትልቁ የመኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ ተጨነቀ። የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው የኤምቲቪ እናት ኩባንያ ውስጥ ስክራች የሚባል የአማካሪዎች ቡድን ነበር። ጄኔራል ሞተርስ እነሱን ጠርቶ የወጣቱን ልብ እንዲያስረዱት ጠየቀ። ስክራች ከ1981 እስከ 2000 የተወለዱ 3,000 ሰዎችን ስለ 31 ታዋቂ የንግድ ስሞች ጠይቆ ነበር። ከምርጥ አሥሮቹ ውስጥ አንድም የመኪና ስም አልገባም። ገርትነር የተባለው የጥናት ድርጅት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 የሆኑ አሽከርካሪዎችን «ኢንተርኔት ወይስ የራስ መኪና?» ብሎ ጠየቀ። 46 በመቶው ኢንተርኔት አሉ።

ይቺን ጥያቄ ትንሽ እንያት። ኢንተርኔት ከሌለህ የሥራ ማስታወቂያ የት ታያለህ? ማመልከቻ በምን ትልካለህ? ትምህርትህ፣ ባንክህ፣ ጓደኛህ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሰውን «ውሃ ይሻልሃል ወይስ ጫማ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ውሃ ይላችኋል። ጫማ ይጠላል ብላችሁ ግን አትጽፉም። ስለ መኪናው የተጻፈው ግን እንደዚያ ነበር።

መልሱ በዚህ መንገድ ስለተነበበ መፍትሔውም ወደ መልክ ሄደ። ስፓርክ የምትባለው ትንሿ የጄኔራል ሞተርስ ሼቭሮሌት ቴክኖ ፒንክ፣ ሌመኔድና ዴኒም በሚባሉ ቀለሞች ቀረበች። ችግሩ የስሜት ከሆነ ቀለም ይፈታዋል ነው ነገሩ። ክፋት አለው አልልም። መኪናዋ ከገበያው ርካሾች አንዷ ነበረች፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ።

ስልኩን እንመርምረው

«ስልክ መኪናን ተካ» የሚለውን ለመመርመር የቀን መቁጠሪያ ይበቃል። የመጀመሪያው አይፎን የወጣው በ2007 አጋማሽ ነው። ኡበር የተመሠረተው በ2009 ነው። እነ ሲቫክ በ2008 በቆጠሩ ጊዜ ግን የ16 ዓመቶቹ ቁጥር ቀድሞውኑ 31.1 በመቶ ደርሷል። ከ46.2 ተነስቶ ማለት ነው። ጠቅላላ ከወረደው ወደ 22 ነጥብ ከሚጠጋው ውስጥ 15ቱ የወረደው ስማርት ስልክ በልጆች እጅ ሳይገባና በስልክ መኪና መጥራት የሚባል ነገር ሳይኖር ነው።

እውነት ለመናገር፣ ለስልኩ ወሬ መነሻ የሆነው የእነዚሁ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። 15 አገሮችን አነጻጽረው ኢንተርኔት በበዛበት አገር መንጃ ፈቃድ የሚይዝ ወጣት ያንሳል የሚል ግንኙነት አገኙ። ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ እንደገና ሲመረምሩት ግን ግንኙነቱ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ዝርዝሩን ራሱን ብታዩት ያስገርማል። የወጣቶቹ ቁጥር የወረደው አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ ጀርመን፣ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ነው። በቀሩት ሰባት አገሮች አልወረደም። ከሰባቱ አንዷ ፊንላንድ ነች። የኖኪያ አገር! ስልክ መኪናን የሚያስጥል ቢሆን ኖሮ ከማንም በፊት የሚያስጥለው እዚያ ነበር።

ስልክ ምንም አልለወጠም እያልኩ አይደለም። ጓደኛን ለማግኘት የግድ መንዳት ቀርቷል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም።

ወጣቶቹ ምን አሉ?

በ2013 ሲቫክና ሾትል ቀጥታ ጠየቁ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 39 የሆኑና መንጃ ፈቃድ የሌላቸው 618 ሰዎች መለሱ፤ ከአንድ በላይ ምክንያት መስጠት ይቻል ነበር። 37 በመቶው «ጊዜ የለኝም፣ ለማውጣት አልተመቸኝም» አሉ። 32 በመቶው «መኪና መያዝና ማሠራት ውድ ነው»። 31 በመቶው «የሚያደርሰኝ ሰው አለ»። በእግር ወይም በብስክሌት መሄድ እመርጣለሁ ያሉት 22 በመቶ፣ የሕዝብ ትራንስፖርት እመርጣለሁ ያሉት 17 በመቶ ናቸው። ለአካባቢ አስቤ ነው ያሉት 9 በመቶ ብቻ። እና ያ ሁሉ የተወራለት «ነገሬን በኢንተርኔት እጨርሳለሁ» የሚለው? 8 በመቶ።

መጠይቁ ላይ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ፣ ለእኔ ጉዳዩን የፈቱልኝ እነሱ ናቸው። አንደኛው፣ «መቼም አላወጣም» ያሉት 22 በመቶ ሲሆኑ 69 በመቶው በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት አወጣለሁ ብለዋል። ይሄ የጠላ ሰው መልስ አይደለም። ያልደረሰለት ሰው መልስ ነው። ሁለተኛው፣ እነዚህ መንጃ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ከእኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ትምህርታቸው ያነሰ፣ ሥራ አጥነታቸው የበዛ ነው። ጋዜጣ ላይ የሚሳለው ወጣት ግን መሐል ከተማ የሚኖር፣ ብስክሌት የሚነዳ፣ ደመወዙ ጥሩ የሆነ፣ መኪናን በአስተሳሰብ የተወ ልጅ ነው። እሱም አለ፣ አልክደውም፤ የብዙዎቹ መልክ ግን የእሱ አይደለም።

የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽንም በ2012 ከ18 እስከ 20 ዓመት ያሉትን ጠይቆ ነበር። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ለምን ዘገያችሁ ሲባሉ፣ ከሁሉ በላይ የተመረጠው መልስ «መኪና የለኝም» የሚል ነው። 44 በመቶ። ገቢው ዝቅተኛ ቤት ያደገ ልጅ የበለጠ ይዘገያል። ነገሩ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ሳለ ለምን የፍቅር ጉዳይ እንዳደረግነው አይገባኝም።

ሃምሳው ሰዓት

«ጊዜ የለኝም» የሚለውን መልስ ብዙ ሰው እንደ ስንፍና ነው የሚያየው። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ የካሊፎርኒያን ሕግ አነበብኩ።

በ1990ዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች መንጃ ፈቃድን በደረጃ መስጠት ጀመሩ። ፍሎሪዳ በ1996 ቀደመች። ካሊፎርኒያ በ1998 ተከተለች። ሕጉ እዚያ እንዲህ ነው የሚሠራው። ልጁ 15 ዓመት ከስድስት ወር ሲሞላው የልምምድ ፈቃድ ያወጣል፣ ቢያንስ ስድስት ወር ይይዘዋል። የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ይጨርሳል። ከባለሙያ አስተማሪ ጋር 6 ሰዓት ይነዳል። ከዚያ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ካለው ትልቅ ሰው ጋር 50 ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ 10ሩ በሌሊት። ወላጅ «አዎ፣ ተለማምዷል» ብሎ ይፈርማል። ፈቃዱ ሲሰጠውም ለመጀመሪያው ዓመት ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብቻውን መንዳት አይችልም። ትልቅ ሰው አብሮት ከሌለም ከ20 ዓመት በታች የሆነ ጓደኛ መጫን አይችልም።

ሃምሳ ሰዓት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በሕይወት ውስጥ ስታስገቡት ግን ሌላ ነው። እሑድ እሑድ አንድ ሰዓት ቢለማመዱ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። መኪና ያስፈልጋል። ነዳጅ ያስፈልጋል። ጎኑ የሚቀመጥ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው፣ ያልደከመው ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። እናቱ ሁለት ሥራ የምትሠራና አንዱ የሌሊት ፈረቃ የሆነ ልጅ አሥሩን የሌሊት ሰዓት ከማን ጋር ይንዳ? ቤት ያለችው አንዷ መኪና እናቱን ይዛ ሄዳለች። ይሄ ልጅ ሲጠየቅ «ጊዜ አላገኘሁም» ነው የሚለው። ሌላ ምን ይበል? ይህን ሁሉ መጠይቅ ላይ አይጽፍም።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ 18 ዓመት የሞላው ሰው ይህ ሁሉ አይጠየቅም። የትምህርቱ፣ የሃምሳው ሰዓት፣ የጓደኛው ገደብ፣ ሁሉም ይቀራል። የጽሑፍና የመንዳት ፈተናውን አልፎ ይወስዳል። ታዲያ አቅም የሌለው ልጅ ምን ያደርጋል? ይጠብቃል። ይህ ከአመለካከት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሒሳብ ነው። የማሠልጠኛ ነገርም ተጨመረበት። ቀድሞ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መንዳት በነጻ ወይም በትንሽ ገንዘብ ያስተምሩ ነበር። በጀት ሲቀነስ ሥራው ወደ ግል ማሠልጠኛ ሄደ፣ ክፍያውም በቤተሰብ ላይ ወደቀ።

ሕጉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ በፍጹም። የ16 ዓመት ልጆች አደጋ በግልጽ ቀንሷል። ስንት ልጅ ተርፏል፣ ስንት እናት ከለቅሶ ድናለች! እኔ የምለው ሌላ ነው። አገሩ ራሱ በሩን አጥብቦ፣ የገባው ሰው ሲያንስ «ልጆቹ መግባት አይወዱም» ማለት ልክ አይደለም። ደግሞም 18 ዓመት እስኪሞላው የጠበቀው ልጅ ያለዚያ ሁሉ ልምምድ ነው አውራ ጎዳና ላይ የሚወጣው። ጥበቃው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ልጅ አምልጦታል።

ከዚያ ገንዘቡ

በሰኔ 2008 የቤንዚን ዋጋ በአገር አቀፍ አማካይ በጋሎን ከ4 ዶላር አለፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ ኢኮኖሚው ወደቀ። በሐምሌ 2010 ከ16 እስከ 24 ዓመት ያሉት ወጣቶች ሥራ አጥነት 19.1 በመቶ ደረሰ። የተማሪዎች ብድር ደግሞ ተጠራቅሞ ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። የወጣት አሽከርካሪ ኢንሹራንስ ከሁሉም ዕድሜ የሚወደድ መሆኑን ጨምሩበት። ከ2001 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከ16 እስከ 34 ዓመት ያሉ አሜሪካውያን በዓመት በአማካይ የሚነዱት ርቀት ከ10,300 ማይል ወደ 7,900 ወርዷል። ሥራ የሌለው ሰው ወደ ሥራ አይነዳም።

ታዲያ ሥራው ሲመለስ ምን ሆነ? መንዳቱም ተመለሰ። በ2015 በአሜሪካ መንገዶች ላይ የተነዳው ርቀት ከ3 ትሪሊዮን ማይል በላይ ሆኖ እስከዚያ ድረስ የነበረውን ሁሉ በለጠ። በ2019 ክሪስቶፈር ኒትልና ኤልሳቤጥ መርፊ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች ወጣቱን ትውልድ ከቀደምት ትውልዶች ጋር አስተያዩት። ገቢን፣ ትዳርን፣ ልጅ መውለድን፣ የመኖሪያ ቦታን አመሳስለው ሲያዩት በመኪና ባለቤትነት ላይ የቀረው ልዩነት ኢምንት ነው። በሚነዱት ርቀት ደግሞ ወጣቶቹ እንዲያውም በለጡ።

ስለዚህ ምንም አልተለወጠም ልበል? አልልም። ሁለት ነገር ተለውጧል ብዬ አምናለሁ። አንዱ ጊዜው ነው። ትዳሩም፣ ልጁም፣ ቤቱም ወደ ኋላ ሲገፋ መኪናውም አብሮ ተገፋ፣ ምክንያቱም መኪና የሚመጣው ከእነሱ ጋር ነው። ሕፃን ይዞ አውቶቡስ የጠበቀ ሰው ይህን ያውቃል። ሁለተኛው ትርጉሙ ነው። የ16ኛ ዓመት ልደት ከቁልፍ ጋር የነበረው ዝምድና ተበጥሷል። እኩዮችህ ሁሉ ሲነዱ አንተ ባትነዳ ያሳፍር ነበር፤ ከአራት ሦስቱ በማይነዱበት ክፍል ውስጥ ግን ማን ያፍራል? ይሄ እውነተኛ የአመለካከት ለውጥ ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ከምክንያቱ በኋላ የመጣ እንጂ ምክንያቱ ራሱ አይደለም።

ያስጨነቀኝ ነገር ይሄ ነው። አንድን እጦት «ምርጫ» ብለን ከሰየምነው ማንም አይጠየቅበትም። አውቶቡስ በሌለበት ሰፈር የሚኖር፣ መኪና መግዛት ያልቻለ የ22 ዓመት ወጣት «አዲሱ ትውልድ መኪና አይወድም» የሚል ርዕስ ሥር ሲቆጠር፣ አውቶቡሱን የማምጣት ጥያቄም አብሮ ይቀበራል። መኪና ባይኖረው ምንም ችግር የለም። የሚሄድበት ሌላ መንገድ ካለው። መጠይቁ ላይ አውቶቡስና ባቡር እመርጣለሁ ያሉት 17 በመቶ፣ ምርጫው ያላቸው ናቸው። «የሚያደርሰኝ ሰው አለ» ያሉት 31 በመቶ ግን በሌላ ሰው መኪናና በሌላ ሰው ጊዜ የሚኖሩ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ «ከመኪና የራቀ ትውልድ» ማለት በደል ነው።

ወደ ትንሿ ስፓርክ ልመለስ። ስለ ፍቅር በሚወራበት ዘመን ሁሉ አዲስ መኪና ዋጋው ወደ ላይ ነበር። በ2012 አንድ አዲስ መኪና በአማካይ 30 ሺህ ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር። በ2022 መጨረሻ ወደ 49 ሺህ ደረሰ። ያገለገለውም አላዳነም። በሰኔ 2021 ያገለገሉ መኪናዎች ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው 45 በመቶ ጨምሮ ነበር። ኩባንያዎቹ ትልልቁ መኪና የተሻለ ትርፍ ስላለው ወደዚያ ዞሩ። ፎርድ በ2018 በአሜሪካ ገበያ ከሙስታንግ በቀር ትንንሾቹንና ዝቅ ያሉትን የቤት መኪናዎቹን ከሞላ ጎደል እንደሚያቆም ተናገረ። ጄኔራል ሞተርስም ትንንሾቹን አንድ በአንድ አስወጣ። በ2020 ሶኒክ የምትባለው ትንሽ ሼቭሮሌት መመረት አቆመች።

በ2012 ያ ሁሉ ጥናት የተደረገለት የ16 ዓመት ልጅ በ2022 26 ዓመቱ ነው። ሥራ ይዞ፣ ብድሩን እየከፈለ፣ የመጀመሪያ መኪናውን ሊገዛ የሚመጣበት ዕድሜ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ስፓርክም መመረት አቆመች።